የስፒከር መሞከሪያ

«ይሄን የሠራው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ባላውቅም እጁ ይባረክ» አለ ሙህዲን፣ መዳፉን ከስፒከሩ ጀርባ አሳርፎ። «ስማው እስቲ፣ አንድ ቦታ እንኳ አይሻክርም።»

ከመደርደሪያው ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተበጠሰ ገመድ የምትበይደው ሰልዋ ቀና ሳትል ሰማችው። ሙህዲን አባቷ ነው። እንዲህ ሲመርቅም የመጀመሪያው አይደለም፤ ስፒከር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ምርቃት ሰምቶ ነው የሚሄደው። እጁ ይባረክ የሚባልለት ልጅ እሷ መሆኗን ግን አባቷ አያውቅም።

ሱቃቸው ከቃሊቲ መናኸሪያ አለፍ ብሎ አስፋልቱ ዳር ነው። ጠባብና ረጅም፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት ሦስተኛው በጎን ካልሆነ የማያልፍበት። በግራ በኩል አዳዲስ ስፒከሮች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል ሆዳቸው የተከፈተ አሮጌ ቴፖች፣ አምፕሊፋየሮች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያዎች አንድ መደርደሪያ ተጋርተው ጥገና ይጠብቃሉ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይርገበገባል፤ ማረሚያ ቤት ሰው ሊጠይቁ የሚሄዱ ሴቶች ምግብ የያዘ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በበሩ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ሙዚቃው ሲመቻቸው እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ።

ሙዚቃው ዘፋኝ የለውም። ግጥም የለውም፣ ክራርም ማሲንቆም የለበትም። ሰልዋ ቱሉ ዲምቱ ካለው ኮንዶሚኒየማቸው፣ ልብስ ከሚታጠፍበት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ በላፕቶፕ የሠራችው ነው። ረመዳን እንዳለፈ አንድ ቀን በትልቅ ስፒከር ልትሰማው ጓጉታ አባቷ ዕቃ በሚሞክርበት ፍላሽ ላይ ጫነችው። ሰምታው ልታጠፋው ነበር ሐሳቧ። አባቷ ቀደማት። ወፍራሙ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲመጣ የተጎዳ ስፒከር ካለ ወዲያው እንደሚያጋልጥ፣ ደህናው ደግሞ ደረት ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሙዚቃ አልከፈተም። ስሙን ሲጠይቁት «መሞከሪያው» ይላል፤ እሷም ዝም አለች። በየቀኑ ትሰማዋለች፤ በየቀኑ አባቷ ይመርቃታል፤ ምርቃቱ ግን በበሩ ወጥቶ አንድ የማያውቁት ወንድ ልጅ ላይ ያርፋል።

የዛሬው ደንበኛ ገብረጻድቅ ይባላል። ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ሥጋ ቤት ሊከፍት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና «ይገድላል!» አለ። ዋጋ ላይ ትንሽ ተጎተቱ፤ ተስማሙ። ከሰዓት በኋላ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ተናግሮ ወጣ። ያን ጊዜ የጎረቤቱ ቀለም ሻጭ አጥናፉ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ተደግፎ ነበር። አጥናፉና ሙህዲን ግድግዳ ተጋርተው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ ደንበኛ ካልመጣ የሌላውን ደንበኛ ሲያዋሩ ይውላሉ።

«ልጁ ወታደር ቤት ያደገ መሰለኝ» አለ አጥናፉ። «ምቱን አታየውም? ቀጥ ያለ ነው። የወንድ ልጅ ሥራ ያስታውቃል።»

«ሴት እንዲህ ያለ ቤዝ መቼ ትወዳለች?» አለ ሙህዲን እየሳቀ። «እዚህ የሚመጡት ሁሉ ቀንስልኝ ነው የሚሉኝ።»

ሰልዋ ብየዳዋን ቀጠለች። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ወንድ ልጅ ስለሌለው አይደለም፣ አለው፤ እጇ እንደማይንቀጠቀጥ ስላየ ነው። ጎረቤት ነጋዴዎች «ልጅህን ለምን ሻሽ መሸጫ አትከፍትላትም?» ሲሉት «ሻሽ ትጠግናለች እንዴ?» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ለዚህም ነው ንግግሩ ከአጥናፉ ንግግር ይልቅ የቆጠቆጣት።

መጀመሪያ ራሴን ልደብቅ ብላ አልተነሣችም። ሁለት ሥራዎቿን በገዛ ስሟ ኢንተርኔት ላይ ለጥፋ ነበር። ከሥር የተጻፈላት «ለሴት አሪፍ ነው»፣ «ማን ሠራልሽ?»፣ «ፎቶሽን ልቀቂ» የሚል ነበር። አጠፋችውና «ቆርቆሮ» በሚል ስም እነዚያኑ ሥራዎች እንደገና፣ ቆየት ብላም መሞከሪያ የሆነውን ለጠፈች። ያኔ ሰዎች ስለ ሙዚቃው ማውራት ጀመሩ፤ የቱ ጋ እንደሚነሣ፣ የቱ ጋ እንደሚወድቅ፣ ምን ተጠቅሞ እንደሠራው። «ተጠቅሞ» ነበር የሚሉት። ደስ አላት። ደስታው ግን የተዋሱት ልብስ ዓይነት ነበር፤ ያምራል፣ ትከሻ ላይ ግን አይቀመጥም።

ረፋዱ ላይ አንድ ጥቁር ቦርሳ በደረቱ ያነገተ ወጣት ከታክሲ ወርዶ፣ መንገዱን እንኳ በቅጡ ሳያይ ተሻግሮ ገባ። ሙህዲን ሌላ ስፒከር ላይ መሞከሪያውን ከፍቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»

«ፍላሽ ላይ ነው ያለው። ስፒከር ፈልገህ ነው?»

«አይ፣ ይሄን ልጅ ነው የምፈልገው። ስንት ወር ሙሉ ነው የምለምነው!»

ስሙ ሉቃስ ነው። ሳሪስ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ያዘጋጃል። የሚቀጥለው እሁድ ሙሉ ዝግጅቱ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው፤ የሚጫወቱት ሁሉ ተገኝተዋል፤ የቀረው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ፖስተሩ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሰልዋ የሉቃስን ስም ስትሰማ እጇ ቆመ። የሉቃስ መልእክቶች ስልኳ ውስጥ አሉ። አማርኛ ሰውን ሲያናግር ወንድና ሴት ሳይለይ አያልፍም፤ «ወንድሜ፣ ጎበዝ ነህ፣ የት ነው የምትሠራው፣ መቼ ትመጣልናለህ?» ይላታል። «እኔ» የሚለው ቃል ግን ቀሚስም ሱሪም የለውም። «አመሰግናለሁ፣ ቤት ነው የምሠራው፣ አስብበታለሁ» ብላ ስትመልስለት አንድም ውሸት አልተናገረችም።

«ምናልባት እንደዚህ የሚደበቀው መልኩ አስፈሪ ሆኖ ይሆን?» አለ አጥናፉ።

«መልኩ ምን ያደርግልናል?» አለ ሉቃስ። «ይሄ እኮ ድምፅ የለው፣ ግጥም የለው። ሽማግሌ ይሁን ሕፃን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ላፕቶፑ አያውቅም። ጆሮም አያውቅም። እኔ ይሄን ሙዚቃ የምወደው ለዚህ ነው።»

«ሴት ብትሆንማ ይታወቅ ነበር» አለ አጥናፉ፣ ወደ ሙህዲን እየዞረ።

«እንዴ፣ ይታወቃል እንጂ!» አለ ሙህዲን።

ሰልዋ መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለች። ለምን ዛሬ እንደሆነ በኋላም ራሷን ጠይቃ መልስ አላገኘችም። ምናልባት ያ ወጣት ጆሮ አያውቅም ሲል ስላመነችው ይሆናል። ምናልባትም አባቷ «እንጂ» ሲል የነበረው እርግጠኝነት ይሆናል። ተነሣችና «እኔ ነኝ» አለች።

ሦስቱም አዩዋት። አጥናፉን ሻይ ትን አለው። ሙህዲን «ሰልዋ ቀልድ ትወዳለች» አለ ለእንግዳው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሰልዋ ወደ ስፒከሩ ሄዳ ሙዚቃውን ከመሃል ጀመረችው፤ ምቱ ተቋርጦ አንድ ረጅም፣ የሚያጓራ፣ ቀስ በቀስ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ከሚመጣበት። ሲያልቅ አጠፋችው። ከዚያ በሩ ጋ ሄዳ፣ ወደ ላይ የተጠቀለለውን የሱቁን የብረት በር በመንጠቆው ይዛ እስከ ወገቧ ጎተተችው። በሩ ሲወርድ አጓራ፤ ወደ ታች በመጣ ቁጥር ድምፁ ቀጠነ። ያው ነው። ራሱ ነው። ሙህዲን ያን በር ሱቁን ከተከራየ ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ሲከፍተው ማታ ሲዘጋው ኖሯል፤ መሞከሪያውንም ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ ሁለቱን አገናኝቶ ግን አያውቅም። ሰልዋ ስልኳን አውጥታ ለሉቃስ መልእክቶቹን አሳየችው። ትናንት ማታ የላከው «ወንድሜ ምን ወሰንክ?» የሚለው ከላይ ነበር።

ሉቃስ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። «አንቺ ነሽ? እስከ ዛሬ አንተ ስልሽ! በስመአብ!» ወዲያው ዓይኑ በራ። «ይሄማ ሌላ ነገር ነው! ፖስተሩን እንቀይረዋለን። ፎቶሽን በትልቁ፣ ‹እንስቷ ቆርቆሮ› ብለን! ከቃሊቲ፣ ሻሽ ያደረገች፣ በዚያ ላይ ሴት! አዳራሹ አይበቃንም።»

«ላፕቶፑ አያውቅም አላልክም?» አለችው።

ሉቃስ ስልኳን መለሰላት። አጥናፉ በበኩሉ ሙዚቃውን እንደገና ከፍቶ ጆሮውን አቅንቶ ሲያዳምጥ ነበር። «አዎ» አለ ራሱን እየነቀነቀ፣ «አሁን ልብ ብዬ ስሰማው ለስለስ ይላል። የሴት እጅ አለበት። እዚህ ጋ እንዲያውም ድስትና ክዳን ነው የሚመስለው።» ወታደር ቤቱን ረስቶታል። እየዋሸም አልነበረም፤ ከልቡ እንደዚያ ነበር የሰማው። ያው ምት፣ ያው ቤዝ፣ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በፊት ቀጥ ያለ የነበረው አሁን ማድ ቤት ገብቷል። ሰልዋ ልትቆጣ ፈለገችና አቃታት፤ ሳቋ ቀደማት።

ያልሳቀው አባቷ ነው። ሙህዲን ወደ ስፒከሩ ሄዶ አጠፋው። በሩን እንደነበረ ወደ ላይ መለሰው። ሲያጓራ ቆም ብሎ አዳመጠው፤ ከዚያ «የዙህር ሶላት ደርሷል» ብሎ ኮፊያውን አድርጎ ወጣ። ሉቃስም ማተሚያ ቤቱ ሳይዘጋ ደውይልኝ ብሏት ሄደ። አጥናፉ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሰልዋ ብቻዋን ቀረች። አባቷ ሲቆጣ ይጮኻል፤ ይህን ትችለዋለች። ዝም ሲል ግን ከየት በኩል እንደምትገባ አታውቅም። መስጊዱ ከሁለት መታጠፊያ በኋላ ነው ያለው፤ ሌላ ቀን ሰግዶ ወዲያው ይመለሳል። ዛሬ አልተመለሰም። መደርደሪያውን አቧራ እየጠረገች፣ ስፒከሮቹን ያለ ምክንያት ከቦታ ቦታ እያዛወረች ጠበቀችው። አባቷ ሙዚቃ የሚሰማበትን ዕቃ እየሸጠ ያሳደጋት ቢሆንም፣ ዕቃውን መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ የገዛ ልጅ ሰው ፊት ቆማ ስትጫወት ማየት ሌላ ነው። የአጎቶቿን አፍ አሰበች። የስልጤ ዘመዷ ሁሉ፣ መርካቶም ይኑር ቃሊቲ፣ ወሬው በአንድ ቀን ይደርሰዋል። «ዝም ብል ምን ነበረበት?» አለች ለራሷ።

እንዲህ እያለች ነው አንዲት ጠይም፣ ፀጉሯን በቢጫ ሻርፕ የጠቀለለች ሴት የገባችው። ወለተሥላሴ እባላለሁ አለች፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ፀጉር ቤት አላት፤ ለፀጉር ቤቱ የሚሆን ስፒከር ፈልጋለች፤ ትንሽ ሆኖ የሚጮህ። ሰልዋ ፍላሹ ላይ ካሉት ሌላ ዘፈን ልትፈልግላት እጇን ዘረጋችና ተወችው። መሞከሪያውን ከፈተችላት።

«ይከብዳል አይደል?» አለች ወለተሥላሴ ከትንሽ በኋላ። «ለፀጉር ቤት ይከብዳል። የማን ነው?»

«የኔ።»

«የገዛሽው?»

«የሠራሁት።»

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና ሰልዋ የተነሣችበትን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ሁለተኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትናገር፣ አስፋልቱን እያየች ሰማችው። ሲያልቅ ወዲያው አልተነሣችም።

«ምን ልበልሽ» አለች። «ቅድም ስሰማው አንድ ሰው በሩን የሚደበድብብኝ ነበር የመሰለኝ። አሁን ግን የምደበድበው እኔ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ይዤ፣ የሰው ጉድ እየሰማሁ፣ እሺ፣ እሺ ስል ነው የምውለው። እንደዚህ መጮኽ አምሮኝ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚጮህ ግን አላውቅም ነበር።» ከዚያ እንዳፈረች ሁሉ ሳቀች። «በስልኬ ላኪልኝማ። ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ሳጸዳ እከፍተዋለሁ።»

ላከችላት። ሴትየዋ ስፒከሯን በፌስታል ይዛ ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ ሰልዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ጠዋት ሉቃስ ጆሮ አያውቅም ሲል እውነት መስሏት ነበር። አጥናፉ ጆሮው በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሲለወጥ ደግሞ ሐሰት መሰላት። አሁን ይህች ሴት መጣችና፣ ማን እንደሠራው በማወቋ ሙዚቃው አላነሰባትም፤ እንዲያውም የራሷ ነገር ተጨመረበት። ሰልዋ ሲያሳንሳት የኖረውን ነገር ብቻ ነበር የምታውቀው። የሚያተልቅ መኖሩን ማንም አልነገራትም። የእሷን ስም እንኳ ያልጠየቀቻትን ሴት፣ ታክሲው እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት።

ሙህዲን የተመለሰው ጥላው ወደ አስፋልቱ ማዶ ሲያጋድል ነው። የምሳ ዕቃውን ከፈተ። እናቷ ጠዋት የቋጠረችው ምስር ነበር፤ ቀዝቅዟል። ሁለቱም ከአንድ ሳህን በሉ። እሱ እንደ ልማዱ ጎርሶ ጥሩ ጥሩውን ወደ እሷ ጠርዝ ገፋላት። ያኔ ትንሽ ተነፈሰች። እጁን ታጥቦ ሲደርቅለት «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ምን ትለኝ ነበር?»

አሰበ። «እንጃ» አለ። «ጎበዝ ልጄ እልሽ ነበር። ከዚያ ሌላ ሙዚቃ ለመሞከሪያ እፈልግ ነበር መሰለኝ።» ይህን ሲናገር አላያትም። «መስጊድ ተቀምጬ እሱን ሳስብ ነው የቆየሁት።»

ሰልዋ ሳህኑን ሳታነሣ ገብረጻድቅ፣ የጠዋቱ ሥጋ ቤት ከፋች፣ ፒክአፕ አስቁሞ ገባ። ከመጫኑ በፊት አንድ ጊዜ እንደገና ልስማው አለ። ሙህዲን ከፈተለት። ሙዚቃው መሃል ላይ ሲደርስ አገጩን ወደ ሰልዋ አመለከተና «የሠራችው እሷ ናት፤ ልጄ ናት» አለ።

ገብረጻድቅ ከልቡ ተደሰተ። «አትለኝም! ይቺ? ኧረ ጎበዝ! ለሴት ልጅ በጣም ጥሩ ነው፣ በጣም!»

ሙህዲን ሙዚቃውን አቆመው። ፊቱ አልተቆጣም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር፤ የሚያውቀው ድምፅ ከማያውቀው ቦታ የመጣበት ዓይነት። «ጠዋት ስትሰማው ምን ነበር ያልከው?»

«ምን አልኩ?»

«ይገድላል ነበር ያልከው። ለወንድ ልጅ ይገድላል አላልክም። ያው ነው እኮ ወንድሜ፣ አልነካሁትም። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ፍላሽ ላይ ነው።»

ሥጋ ቤት ከፋቹ አንድ ጊዜ ሙህዲንን፣ አንድ ጊዜ ሰልዋን አየ። ሊያኮርፍ ነው ብላ ፈራች፤ ትልቅ ስፒከር ነበር የተሸጠው። ሰውዬው ግን አንገቱን አክኮ «እውነትህን ነው» አለ። «አፌ ነው። ይገድላል፤ ይኸው አልኩ።» ስፒከሩን ከሙህዲን ጋር ተጋግዘው ጫኑት። ሊሄድ ሲል በመስኮት ብቅ ብሎ «ለምርቃቱ ቀን ትመጫለሽ፤ ለስላሳው በኔ ነው!» ብሎ ጮኸላት።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሙህዲን በሩ ላይ ቆመ። «ጠዋት እኔም እንዲሁ ስል ነበር አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። ሰልዋ አዎ ብትለው ይከፋዋል፤ የለም ብትለው ውሸት ነው። እሱም መልስ የሚጠብቅ አይመስልም ነበር። «ለዚያ ልጅ አልደወልሽለትም?»

«አንተን ስጠብቅ።»

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። አጎቶቼ ግን…»

«አጎቶችሽን ለኔ ተያቸው» አለ። «እኔ የምፈራው አጎቶችሽን አይደለም፤ የአዳራሽ ስፒከር ነው። ቤዙን ያበላሹብሻል። እሁድ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ፤ ሁለቱን ትልልቆቹን ይዘን እንሄዳለን።»

ሰልዋ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ነው የደወለችው። ለሉቃስ እመጣለሁ አለችው። ፖስተሩ ላይ ግን «ቆርቆሮ» ብቻ ይጻፍ፤ እንስቷም አይባል፣ ፎቶም አይውጣ። መድረኩ ላይ ፊቴን ሸፍኜ አልቆምም፤ ያየ ይይ፤ የሰማ ይስማ አለችው። ሉቃስ ትንሽ ተከራከረ፤ ሕዝቡ ይበዛልን ነበር አለ። ከዚያ «ይሁን፣ እንዳልሽ» አለ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቅድም ግን ትክክል ነበርሽ፤ አፍሬያለሁ» አለ። እሷም አመሰገነችው። ስላፈረ ሳይሆን ስንት ወር ሳይታክት ስለጻፈላት መልእክት ሁሉ ነበር ያመሰገነችው፤ ያን ሁሉ ጊዜ በ«አንተ» ስም ቢጽፈውም የሰማው የእሷን ሥራ ነበርና።

ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱ መግሪብ ተሰግዶ ነበር።  ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ሲገቡ እናቷ ዙለይኻ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አገኟት። ሙህዲን ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ። ልጅሽ ምን እንደምትሠራ ታውቂያለሽ ወይ አላት።

«ቤቱ ሁለት ክፍል ነው» አለች ዙለይኻ፣ ማጠፏን ሳታቋርጥ። «እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሷ ነገር ነዋ። ራሷ ትንገርህ ብዬ።»

ሙህዲን ጫማውን አወለቀና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «ሌላም አለሽ?» አለ ሰልዋን።

ነበራት። ለማንም ያላሰማችው፣ ክረምቱን ሙሉ የለፋችበት፣ ከሁሉ የምትወደው። እሁድም ልትጨርስ ያሰበችው በሱ ነበር። ላፕቶፑን አምጥታ ከቤቱ ትንሽ ስፒከር ጋር አያያዘችው። እናቷ ልብሱን አስቀመጠች። ሙዚቃው ሲጀምር ሙህዲን እንደ ሱቁ መዳፉን ዕቃው ላይ አላሳረፈም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ምንጣፉን እያየ አዳመጠ። ሰልዋ የእሱን ፊት ታይ ነበር። ረጅም ሥራ ነው። አለቀ።

«ይሄኛው አልጣመኝም» አለ።

«ሙህዲን!» አለች ዙለይኻ።

«ካልጣመኝ ምን ላድርግ? አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ከመሞከሪያው ይበልጣል። መሃሉ ላይ ግን ይረዝማል። ያው ነገር ይመላለሳል፤ የሚለው ያለቀበት ሰው ነው የሚመስለው።»

ዙለይኻ ልጇን ቀና ብላ አየች፤ እንባዋን ልትጠርግላት የተዘጋጀች ትመስል ነበር። ሰልዋ ግን አላለቀሰችም። ሙዚቃ ከጀመረች ወዲህ ብዙ ተብላለች። ለሴት አሪፍ ነው፣ ሴት ሆና ይገርማል፣ ማን ሠራልሽ፣ የሴት እጅ አለበት። ዛሬ አባቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ልጁ መሆኗን እያወቀ፣ ሴት መሆኗን እያወቀ፣ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ዝም ብሎ አልጣመኝም አለ። መሃሉ ይረዝማል አለ። ከዚህ በላይ ማንም አክብሯት አያውቅም።  አልሐምዱሊላህ አለች፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው።

«የቱ ጋ ነው የረዘመው?»

ሙህዲን ተጠጋና መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። «መልሺው» አለ። «ሲደርስ እነግርሻለሁ።»